«ደህና ነኝ» ሲሉ ምን ትጽፋላችሁ? በጣና ዳር ስለ አረጋውያን ህመም የሚያጠኑ ሰዎችን ለማሠልጠን

መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ በጀመርኩበት ሰሞን ዘጌ ውስጥ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ቡና እየተቆላ ነበር። ቅጹን አወጣሁና «እማማ፣ ህመም አለብዎት?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉኝ። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ተከታዮቹ ጥያቄዎች ሁሉ ተዘለሉ። ሥራ ቀለለልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይተው እማማ ጀበናውን ሊያመጡ ተነሡ። አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ጉልበታቸው ላይ ነው። «ወይ እመቤቴ!» እያሉ በሦስተኛው ሙከራ ቆሙ። እኔ ግን ቅጹን ዘግቼ ነበር።

እማማ አልዋሹኝም። እንግዳ ቤት ገብቶ ስለ ጤና ሲጠይቅ የሚመለሰው «ደህና» ነው። ሌላ ምን ይሉኛል? የተበላሸው ጥያቄዬ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎችን ማሠልጠን ስጀምር ሥልጠናውን በሙሉ የሠራሁት በዚያች ቀን ስህተት ዙሪያ ነው። ቀጥሎ ያለው በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ እንዲህ ዓይነት ቡድን ለምታዘጋጁ ነው። የጤና ተማሪዎችን የምትመሩ፣ የምርምር ፕሮጀክት የያዛችሁ፣ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን የምታግዙ ልትሆኑ ትችላላችሁ። አምስት ቀን ያዙ። ሦስቱ በአዳራሽ፣ ሁለቱ ቤት ለቤት። በጀት የሚይዘው ሰው «ለምን ሁለት ቀን ሜዳ?» ካላችሁ ከአዳራሹ ቀን ቀንሱ እንጂ ከሜዳው አትቀንሱ።

1. ምን እንደምትፈልጉ ተስማሙ

ሥር የሰደደ ህመም የሚባለው ከ3 ወር በላይ የቆየ፣ ወይም እየሄደ እየመጣ ከ3 ወር ያለፈ ህመም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ለዚህ ህመም የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። ከሌላ በሽታ ጋር የተጎተተ ምልክት ብቻ ተደርጎ አይታይም ማለት ነው። ሠልጣኞቻችሁ ይህን ማመን አለባቸው። ምክንያቱም ግማሹ ሠልጣኝ በልቡ «እርጅና ነዋ፣ ምን ይደረጋል» እያለ ነው የሚመጣው። ህመም በዕድሜ ይበዛል። የዕድሜ ግዴታ ግን አይደለም።

«ሦስት ወር ሆኖታል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ኧረ ቆይቷል» ነው የምትባሉት። በበዓል ቁጠሩ። ሥራው ገና ላይ ከዋለ «ለመስቀል ያምዎት ነበር?» በሉ። ከመስከረም 17 እስከ ታኅሣሥ 29 ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ነው። በሚያዝያ አጋማሽ ከሆነ «ለጥምቀት እንዲህ ነበሩ?» ይሠራል። ለሙስሊም አባቶችና እናቶች ረመዳንን ወይም አረፋን መያዝ ይቻላል፤ በየዓመቱ ስለሚንቀሳቀስ ግን ቀኑን አስቀድማችሁ አስሉ።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወሰደው መነሻ 60 ዓመት ነው። የአገራችን ጡረታ መውጫም ይኸው ነው። የልደት ወረቀት አትጠብቁ። በ2018 ዓ.ም. 60 የሞላው ሰው በ1958 የተወለደ ነው። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ሲወርዱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ስለዚህ «ንጉሡ ሲወርዱ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ ገና እናትዎ ጀርባ ላይ ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ከሚለው ይበልጣል። ከዚህም በላይ ወሬ ያስጀምራል።

2. አገልግሎት ያልደረሰው ማን እንደሆነ በስም ጥሩ

ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የሚባሉ ሆስፒታሎች አሏት። ከተማዋን ከውሃው ማዶ በማታ መብራቷን የሚያይ ሰው ግን ቅርብ ነው ማለት አይደለም። ደቅ ደሴት ላይ ወገባቸውን የያዛቸው አባት ሐኪም ዘንድ ለመድረስ መጀመሪያ ጀልባ መጠበቅ አለባቸው። ከተማው ውስጥም ቢሆን፣ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት የሚወስዳቸው ሰውና የባጃጅ ሂሳብ ከሌላቸው ያው ሩቅ ናቸው።

የቀበሌ መዝገብ ብቻ ይዛችሁ ከወጣችሁ እነዚህን ታጣላችሁ፦ ጸበል ቦታ ከርመው የሚኖሩትን፣ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተጠለሉትን፣ በገዳም ያሉ መነኮሳትን፣ በልጅ ቤት ጓዳ የተቀመጡትን። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላትም ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። ዕድሜ ልካቸውን አጎንብሰው ደንገል ሲያስሩና ታንኳ ሲሠሩ፣ የወፍጮ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ስለ ወገብ ከእነሱ በላይ ማን ይናገራል? ቀድማችሁ ግን ምን ተብለው መጠራት እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ሰፈር ውስጥ የሚሰማው አጠራር ሁሉ ደግ አይደለም።

ገዳማትን ካካተታችሁ ስለ ቡድኑ ስብጥር አስቡ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። ቡድናችሁ ሴት ብቻ ከሆነ እዚያ አይደርስም። ወንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ስለ ዳሌዋና ስለ ሽንቷ የምትነግራችሁ እናት አታገኙም።

3. ሠልጣኝ ስትመርጡ

ዲግሪ አያጣላንም፣ ግን የመጀመሪያው መመዘኛ አይሁን። ለማመልከቻ ሲመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገብ አስቀምጧቸውና አሥር ደቂቃ ተዉአቸው። ስልኩን ያላወጣውን ውሰዱ። ቀልዴን አይደለም።

ከየአካባቢው ቢያንስ አንድ ሰው ይኑር። የዘጌን ቡና ለቀማ የሚያውቅ ልጅ «ሲለቅሙ እጅዎን ወደ ላይ ሲዘረጉ ትከሻዎን ያምዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። የፎገራን የሩዝ ማሳ የሚያውቅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ አጎንብሶ ማረም ወገብን ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም። ከሌላ ቦታ የመጣ ጎበዝ ተማሪ ይህን ከመጽሐፍ አያገኘውም።

4. የመጀመሪያው ቀን፦ ቃል ብቻ

እዚህ ላይ ቸኩሎ የሚያልፍ አሠልጣኝ አራቱን ቀን ያባክናል።

ችግሩ ከራሱ ከ«ህመም» ይጀምራል። በአማርኛ ህመም ስቃይም ነው፣ በሽታም ነው። «ህመም አለብዎት?» ሲባሉ እማማ የሰሙት «በሽተኛ ነዎት?» የሚለውን ነው። በሽተኛ ነኝ ብሎ ለማያውቁት ሰው የሚናገር የለም። ስለዚህ ግሡን ተጠቀሙ፦ «የሚያምዎት ቦታ አለ? የቱ ጋ ነው? በእጅዎ ያሳዩኝ።»

«በእጅዎ ያሳዩኝ» የሚለው ለጌጥ አይደለም። «ጉልበቴ አለቀ» የሚሉ አባት መገጣጠሚያቸውን ይሁን አቅማቸውን እንደሚሉ ካላሳዩ አይታወቅም። «እግሬን» ሲሉ ከታፋ እስከ ጣት ሊሆን ይችላል። «እጄን» ሲሉ ከትከሻ ጀምሮ። «ልቤን ያቃጥለኛል» ብዙ ጊዜ ጨጓራ ነው። ቅጹ ላይ «ልብ» ብሎ የጻፈ ሠልጣኝ ሌላ በሽታ ፈጠረ ማለት ነው።

ለመጀመሪያው ሌሊት የቤት ሥራ ስጧቸው። እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ሄዶ ዕድሜ ጠገብ የሆነ ዘመድ ወይም ጎረቤት «ሲያምዎት እንዴት ነው የሚያደርግዎት?» ብሎ ይጠይቅ። የተባለውን ቃል በቃል ይጻፍ። ማሳመር የለም። በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ይቆረጥመኛል፣ ይወጋኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይነዝረኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይለበልበኛል፣ ይቆጠቁጠኛል፣ ይደነዝዘኛል፣ ጉንዳን እንደሄደበት ያደርገኛል። ግድግዳው ሲሞላ ክፍሉ ዝም ይላል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱን አያት ማየት ይጀምራል።

ከዚያ መለየት ነው። ቁርጥማት አብዛኛውን ጊዜ ወደ መገጣጠሚያ ያመራል። ማቃጠል፣ መደንዘዝና እንደ ጉንዳን መሄድ ወደ ነርቭ ያመለክታሉ። ስኳር ያለበት ሰው እግር ላይ፣ ወይም አልማዝ ባለጭራ ወጥቶ ከዳነ በኋላ የቀረ ህመም ላይ ይሰማሉ። ውጋት ደረትና ጎን ላይ ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ አለው፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

«ብርድ ነው»፣ «ነርቭ ነው»፣ «ሪህ ነው» ሲሉ ደግሞ እነዚህ ስሜቱን አይነግሩም። ምክንያት ነው የሚናገሩት። ሐኪም ዘንድ ሪህ በዩሪክ አሲድ የሚመጣ የመገጣጠሚያ በሽታ ነው። ሰፈር ውስጥ ማንኛውም የጉልበት ቁርጥማት ሪህ ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ ሁለት ቦታ ይኑር። አንዱ ለስሜቱ፣ አንዱ እሳቸው ለሚሰጡት ምክንያት። ሁለተኛውን ማረም የሠልጣኙ ሥራ አይደለም።

5. መለኪያው፦ ከ0 እስከ 10 ያለው ጣጣ

በዓለም ላይ የተለመደው «ህመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» የሚለው ነው። ትምህርት ቤት ለገባ ሰው ይሠራል። ላልገባ ሰው ግን ህመምን በቁጥር መናገር እንግዳ ነገር ነው። አንድ አባት «ልጄ፣ ህመም ይቆጠራል እንዴ?» ብለውኛል። መልስ አልነበረኝም።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቃል ነው፦ የለም፣ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ የማይቻል። አረጋውያን ላይ ይህ ከሁሉም ይቀላል። ሁለተኛው ባቄላ ነው። አሥር ፍሬ ባቄላ ሰፌድ ላይ አድርጉ። «ምንም ካላመምዎት አንድም አያንሱ። ከዚህ የባሰ የለም ካሉ ሁሉንም ያንሱ።» እጃቸው ባቄላውን ሲያነሳ ታያላችሁ። አንዳንዴ ሰባት አንስተው ቆም ይሉና አንድ ይጨምራሉ። ያ ጭማሪ በወረቀት ላይ አይገኝም። ባቄላውን በቡና ፍሬ አትተኩት፤ ትንሽ ስለሆነ ለደከመ ዓይንና ለተቆራመደ ጣት ያስቸግራል።

የፊት ሥዕሎች ያሉበትን መለኪያ የሚወዱ አሉ። እኔ ጥርጣሬ አለኝ። አንዳንድ እናቶች የሚያለቅሰውን ፊት ሲያዩ ስለ ህመም መሆኑን ይረሱና «ልጅ የሞተበት ነው» ይላሉ። ከተጠቀማችሁም መጀመሪያ በደንብ ፈትኑት።

ከመጠይቆች ውስጥ ለሜዳ የሚመቸኝ «ፔግ» የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሲሆን ሦስት ጥያቄ ብቻ አለው። ያለፈውን ሳምንት አማካይ ህመም፣ ህመሙ በሕይወት ደስታ ላይ ያመጣውን ጣልቃ ገብነት፣ በጠቅላላ እንቅስቃሴ ላይ ያመጣውን ደግሞ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ነው፤ ሦስቱ ተደምረው ለሦስት ይካፈላሉ። አጭር መሆኑ ወርቅ ነው። ረጅሙን የህመም መጠይቅ ይዛችሁ የሰባ አምስት ዓመት አዛውንት ፊት ለአንድ ሰዓት መቀመጥ ራሱ ህመም ነው።

ትርጉሙ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «የሕይወት ደስታ» ብላችሁ ቃል በቃል ካመጣችሁት «ደስታማ ለልጅ ነው» ትባላላችሁ። «እንቅስቃሴ» ደግሞ ለአንዳንዱ ስፖርት ነው፣ ለአንዳንዱ ፖለቲካ ነው። አንድ ሰው ይተርጉም፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ ኋላ ይተርጉመው። ከዚያ ለአምስት ስድስት አረጋውያን አንብቡና «አሁን ምን ጠየቅኩዎት? በራስዎ ቃል ይንገሩኝ» በሉ። ስህተቱ የሚወጣው እዚህ ነው። «ባለፉት ሰባት ቀናት» የሚለውንም «ካለፈው ቅዳሜ ገበያ ወዲህ» ብትሉት ይሻላል።

6. ዋናው ጥያቄ፦ ምን ተዉ?

ሥልጠናው ሁሉ ጠፍቶ አንድ ነገር ብቻ ቢቀር ይህ ይቅር እላለሁ። ህመሙን ካልነገሯችሁ የተዉትን ጠይቁ።

«ዘንድሮ ለስቅለት ሰገዱ? የዛሬ ሦስት ዓመትስ?» ለኦርቶዶክስ አረጋዊ ከዚህ የተሻለ የጉልበት ምርመራ አላውቅም። መልሱ እንዲህ ይመጣል፦ «ዘንድሮ ቁጭ ብዬ አንገቴን ዝቅ አደረግሁ እንጂ...» በዚያች «እንጂ» ውስጥ ጥናታችሁ አለ። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፈው ይቆማሉ ወይስ አሁን ደጀ ሰላም ነው የሚቀመጡት? ለሙስሊም አባት «ሶላት ቆመው ነው የሚሰግዱት ወይስ ተቀምጠው?» ይሁን። ለእናቶች፦ እንጀራ ይጋግራሉ? በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ? እንዝርት ያሾራሉ? መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለት ይችላሉ? የመጨረሻው ያሳፍራል፤ ሴት ለሴት፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይጠየቅ።

እንቅልፍም ይጠየቅ። «ሌሊት ያነቃዎታል?» ጠዋትም ይጠየቅ። ሲነሡ መገጣጠሚያቸው ደርቆ ከሆነ እስኪፍታታ ምን ያህል ይቆያል? ከግማሽ ሰዓት በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የመገጣጠሚያ መበላት ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ሐኪም የሚያየው ሌላ ዓይነት የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል። ሰዓት የሌላቸው እናት «ቡናው እስኪፈላ» ወይም «ሦስተኛው እስኪጠጣ» ይላሉ። ጻፉት። መለኪያ ነው።

ሰዓት ካነሣሁ አይቀር ታብሌቱን ላስታውሳችሁ። ኮቦም ሆነ ሌላ መተግበሪያ የሚመዘግበው በፈረንጅ ሰዓት ነው። «በአሥራ አንድ ሰዓት ይብሳል» ያሉት አባት ንጋት ላይ ወይም ማታ ላይ ማለታቸው ነው። ሠልጣኙ 11 ብሎ ካስገባ ህመሙ ረፋድ ላይ ሆነ። «ንጋት፣ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ ሌሊት» ብላችሁ ምርጫ አድርጉት፣ ተገላገሉ።

7. አቀማመጥና አንቱታ

«አባባ»፣ «እማማ» ከተማም ገጠርም ይሠራል። ካህን ከሆኑ «አባ»፣ መነኩሲት ከሆኑ «እማሆይ»፣ የሃይማኖት አባት የሆኑ ሙስሊም «ሼህ»። ከተማ ውስጥ «እርስዎ» ይበቃል፤ ወደ ገጠር ስትወጡ «አንቱ» ይሞቃል። «አንተ» ያለ ሠልጣኝ በዚያው ቀን ወደ ቢሮ ይመለስ።

ከእሳቸው ከፍ ብላችሁ አትቀመጡ። ብርሃኑ የእናንተ ፊት ላይ ይረፍ፤ ጆሮ የከበዳቸው ሰዎች ከንፈር ያያሉ። አትጩኹ፣ ቀስ በሉ። በኪስ ውስጥ ያለ አሮጌ መነፅር ካላቸው ይልበሱት። ቡና ከቀረበ ጠጡ። በጾም ሰሞን ደግሞ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ ዕወቁ። ምንም ያልቀመሰ ሰው ቀትር ላይ የሚሰጠው መልስ ሌላ ነው። በ12፣ በ21፣ በ27 ሰው ቤት ይገኛል ብላችሁ በጠዋት አትሂዱ። ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ጥሩ ቀን ነው፤ የእርሻ ሥራ የለም።

ሌላው ችግር ልጆች ናቸው። «እሷ አትሰማህም፣ እኔ ልንገርህ» የሚል ልጅ በየቤቱ አለ። አትጣሉት። ቡድናችሁ ሁለት ሁለት ሆኖ ይሂድ፤ አንዱ ልጁን ውጭ በሌላ ጥያቄ ይያዝ። ስለ መድኃኒት ወጪና ስለ ቀጠሮ ልጁ የተሻለ ያውቃልና ጊዜው አይባክንም።

ይህን ሁሉ ሠልጣኝ ለሠልጣኝ በማስመሰል አታለማምዱት። ሃያ አራት ዓመቱ የሆነ ልጅ ሽማግሌ ሲሆን ቀልድ ነው የሚሆነው። ከሰፈሩ እድር ሦስት አረጋውያን ጋብዙ፣ አሠልጣኝ አድርጓቸው። አበል ለሠልጣኙ የሚከፈለውን ያህል ይከፈላቸው። ከሥልጠናው ውስጥ በጣም የሚታወሰው «ልጄ፣ ወረቀቱን ነው የምታየው፣ እኔን አይደለም» ብለው የገሠጹት ነው።

8. መናገር ለማይችሉ

የመርሳት በሽታ የጸናባቸው ሰዎች አያማቸውም ማለት አይደለም። ለእነሱ «ፔናድ» የሚባል የመመልከቻ መለኪያ አለ። አምስት ነገር ይታያል፦ አተነፋፈስ፣ ማቃሰት፣ የፊት ገጽታ፣ የሰውነት ሁኔታ፣ ሲያባብሏቸው መረጋጋት አለመረጋጋታቸው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2፣ ድምሩ ከ10። ሲተኙ ብቻ አትዩ፤ ሲያነሷቸውና ሲያጥቧቸውም ለአምስት ደቂቃ ያህል ተመልከቱ። የሚንከባከባቸውን ሰው «ከወትሮው ምን ተለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁ።

9. ምን ሲወስዱ ቆዩ?

«መድኃኒት ይወስዳሉ?» ካላችሁ «የለም» ነው መልሱ። ወጌሻ፣ ጸበል፣ እምነት፣ ዋግምት፣ ፌጦ፣ ቅባት ሁሉ ለእሳቸው «መድኃኒት» ከሚለው ቃል ውጭ ሊሆን ይችላል። አንድ በአንድ ጥሩ። አትፍረዱ፣ ግንባራችሁም አይቋጠር።

ከፋርማሲ የመጣውን ደግሞ እሽጉን አምጥተው ያሳዩዋችሁ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በየቤቱ ሞልተዋል። አረጋውያን ላይ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የደም ግፊት ይጨምራሉ። ስለዚህ ስንት ቀን፣ በቀን ስንቴ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ የሚለው ይመዝገብ። በጾም ቀን ባዶ ሆድ ላይ የዋጡትም እንዲሁ። ሠልጣኙ ግን «ይህን ያቁሙ» አይበል። ሐኪም አይደለም።

10. ዝም የማይባልባቸው ምልክቶች

ሐኪም ባይሆንም ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ያለ ምክንያት የከሱ። የወገብ ህመም ከትኩሳትና ከሌሊት ላብ ጋር ያላቸው፤ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ወድቀው እግራቸውን መርገጥ ያቃታቸው። የህመም ማስታገሻ እየወሰዱ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ የጠቆረ። እነዚህ ቶሎ መታየት አለባቸው። የወገብ ህመም ኖሮባቸው እግራቸው የዛለ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ያቃታቸው፣ በጭናቸው መካከል የደነዘዘባቸው በዚያው ቀን ይሂዱ። ደረት ላይ የሚጫን ወይም የሚወጋ፣ ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያመጣ ከሆነ ቃለ መጠይቁ እዚያው ይቋረጥ፤ መኪና ይፈለግ።

ይህ እንዲሠራ ቡድኑ ከመውጣቱ በፊት ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋገሩ። ማን እንደሚቀበላቸው፣ በየትኛው ቀን፣ የማን ስልክ እንደሚደወል በወረቀት ይሁን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ያላቸው ከሆነ ጤና ጣቢያውን ዘለው ሆስፒታል እንዳይሄዱ ንገሯቸው። ያለ ሪፈር ወረቀት ወጪው በእነሱ ላይ ይወድቃል።

11. ፈቃድ

የሥነ ምግባር ፈቃድና የየደረጃው ደብዳቤ የታወቀ ነው፤ አላስረዝመውም። ቀበሌ ፈቀደ ማለት እማማ ፈቀዱ ማለት እንዳልሆነ ግን አሠልጥኑ።

«ይፈርሙ» የሚለው ቃል ያስፈራል። ፊርማ መሬት ነው፣ ግብር ነው፣ ዕዳ ነው። መጀመሪያ በቃል አስረዱ፤ የጣት አሻራ ካስፈለገ ከቡድኑ ውጭ የሆነ ምስክር ይኑር። «እርዳታ መጣ?» ብለው ይጠይቃሉ። «አልመጣም፣ ጥናት ነው» በሉ፣ ያኔውኑ። ተስፋ አድርገው የነገሯችሁ መልስ ለእሳቸውም ለእናንተም አይጠቅምም። «ይበቃኛል» ማለት እንደሚችሉም ንገሯቸው። ህመም ያለበት ሰው ቁጭ ብሎ መቆየት ይከብደዋል፤ በመሃል ተነሥተው ይንቀሳቀሱ።

12. ሁለቱ የሜዳ ቀናት

ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የመንገዱን ነገር ከአካባቢው ሰው ጠይቁ። የሐይቁንም ጠይቁ። ንፋስ ሲነሣ ጀልባ አይቸኮልም። የትኛውም መረጃ የሠልጣኝ ሕይወት አያህልም።

ማታ ተሰብሰቡና እያንዳንዱን ቅጽ አንብቡ። ከአሥር ደቂቃ በታች ያለቀ አለ? ሁሉም «ህመም የለም» ያለ ሠልጣኝ አለ? ሁሉም 5 ከሆነ የታመመው ሰብሳቢው ነው። ያንን ሠልጣኝ አታሳፍሩት። በማግስቱ አብራችሁት ሂዱና «ምን ተዉ?» የሚለውን እናንተ ጠይቃችሁ አሳዩት። እኔም የተማርኩት እንዲያ ነው።

ስለ ልባቸውም ጠይቋቸው። አረጋዊ ስለ ጉልበቱ ጀምሮ ስለሞተ ልጁ ይጨርሳል። ሃያ ዓመት የሆናት ሠልጣኝ ያንን ይዛ ስትመለስ «ስንት ሞላሽ?» ብቻ ከተባለች በሦስተኛው ቀን ትደነዝዛለች። ከቁጥሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ለወሬ ይሁን።

13. ውጤቱን መመለስ

ብዙ ጥናት እዚህ ይቀራል። ጥያቄ ይጠየቃል፣ ወረቀት ይጻፋል፣ ሰፈሩ ምንም አይሰማም። የሚቀጥለው ቡድን ሲመጣ በሩ የሚዘጋው ለዚህ ነው። ሠልጣኞቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተመልሰው እንደሚሄዱ ይወቁ፤ ቀኑም በዕቅዱ ላይ ይጻፍ።

በእድር ስብሰባ ቀን ሂዱ። ቁጥሩን ትታችሁ በእነሱ ቃል ንገሯቸው፦ ስንቱ ስግደት እንደተወ፣ ስንቱ ሌሊት እንደሚነቃ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትገኝ፣ ከጤና ጣቢያውም አንድ ሰው። ከዚያ «የሳትነው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና የሚሉትን ጻፉ። ድንኳኑና ወንበሩ የእድሩ ነው፤ ቀድማችሁ ለዳኛው ንገሩ። መደገፊያ ያለው ወንበር ይሁን። ስለ ጉልበት ህመም ልትናገሩ ጠርታችኋቸው አግዳሚ ላይ እንዳታስቀምጧቸው።